የገዛ ፊርማቸውን የሻሩት ኦቦ አማን

ለኦቦ አማን ወዳጆችና ባልደረቦች፣ አፈራችሁን በፌስታል ይዛችሁ ደጃቸውን ለረገጣችሁ የባሌ ገበሬዎችም ሁሉ፤

የአፈር ላቦራቶሪያችን አንጋፋ ባለሙያ ኦቦ አማን ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ሮቤ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። በቀብሩ ላይ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ተነሥተው «ታዛዥ ሠራተኛ ነበሩ» ሲሉ ደሜ ፈላ። ኦቦ አማን ትሑት ነበሩ፣ ታጋሽ ነበሩ፤ ታዛዥ ግን አልነበሩም። ይህን የምጽፈው በዚያ ቃል ታስረው እንዳይቀሩ ነው።

እኔ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ ነኝ። የሮቤ ብርድ በመጀመሪያው ሳምንት ሲያንዘፈዝፈኝ አይተው፣ የራሳቸውን ካፖርት ወንበሬ ላይ ትተውልኝ የሄዱት እርሳቸው ናቸው። ስመልስላቸው አልተቀበሉኝም። አንድ ገበሬ ከሩቋ ብድሬ ከተማ ድረስ መጥቶ ቢሮው ተዘግቶ ካገኘው፣ ምሳቸውን ትተው ይከፍቱለት ነበር። «ይህ ሰው በፌስታል የያዘው የልጆቹን ቀለብ ነው» ይሉኝ ነበር።

ሁላችሁም የምታውቁት ነገር የተነሣው በከተማው ዳር ባለው አሮጌ ጋራዥ ምክንያት ነው። ለዓመታት የመኪና ዘይትና ቤንዚን የተደፋበት፣ ባትሪ የተፈታበት ግቢ ነው። ጋራዡ ሲዘጋ ቦታው ለመዋዕለ ሕፃናት ተመረጠ፤ እኛም አፈሩን እንድንመረምር ታዘዝን። ለእርሻ ማሳ እንደለመድነው አደረግን። ከየጥጉ ጥቂት ጥቂት አፈር አንሥተን፣ በአንድ ባልዲ ቀላቅለን፣ ፀሐይ ላይ አስጥተን አደረቅንና አዲስ አበባ ላክን። ውጤቱ «ንጹሕ» ብሎ መጣ። ኦቦ አማን ፈረሙ፣ ኃላፊው ተደሰቱ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ሰላምታ ሳይሰጡኝ ገቡ። የሰው ጤና ጠይቀው፣ የከብቱን ጠይቀው፣ የዝናቡን ካልጠየቁ የማይቀመጡ ሰው ናቸውና ደነገጥኩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቤንዚን የነካው አፈር ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ምን ይሆናል?»

«ቤንዚኑ ይተናል» አልኩ።

«ባትሪ የተፈታበትን ጥግ ከደህናው አፈር ጋር ብንቀላቅለውስ?»

«የባትሪው እርሳስ በደህናው አፈር ይሳሳል» አልኩ። ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና ራሳቸውን ያዙ። «ልጄ፣ እኛ እኮ የመረመርነው ጋራዥ አይደለም፤ የስንዴ ማሳ ነው» አሉ።

በዚያው ቀን ግቢው ገባን። ባትሪ የተፈታበት ጥግ እስከ ጉልበት ሲቆፈር አፈሩ ጥቁር ነበር፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። የእያንዳንዱን ጥግ አፈር ሳንቀላቅል ለየብቻው በብልቃጥ ከደንን። ኦቦ አማን በረዶ የሞላ ሣጥን ጭናቸው ላይ አድርገው በአውቶቡስ አዲስ አበባ ድረስ ይዘውት ሄዱ። ውጤቱ ሲመጣ እርሳሱም ነዳጁም ከተፈቀደው እጅግ ያለፈ ሆኖ ተገኘ።

ኃላፊው አስጠሩን። «ኦቦ አማን፣ ጡረታዎ ደርሷል። መሠረቱ ሊጣል ነው። የመጀመሪያው ውጤት ይበቃናል» አሏቸው።

«ላኪ! የለም፣ አይበቃም!» አሉ። «የሦስት ዓመት ልጅ እጁ አፈር ነክቶ አፉ ውስጥ ይገባል። ያኔ የእኔ ጡረታ ምን ያደርግለታል?»

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ፈርቼ ነው፤ አሁን ልደብቀው አልፈልግም።

ኦቦ አማን ግን ፊርማቸውን የሚሽር ደብዳቤ ጽፈው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፉ። «ስህተቱ የላቦራቶሪው አይደለም፣ አብራኝ አፈሩን ያነሣችው ልጅም አይደለም፣ የእኔ ነው» ይላል። የኃላፊው ሰዎች ሲገነጥሉት ሌላ ለጠፉ። ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ደጅ ቆመው ለወላጆች በአማርኛም በኦሮምኛም አስረዱ። «ጃጅተዋል» ብለው የሳቁባቸው ነበሩ። ቃሉ እንዳቆሰላቸው አውቃለሁ። ወላጆቹ ግን ሰሟቸው፤ እርሳቸው በሕይወት እስከነበሩ ድረስ በዚያ ግቢ አንድ ድንጋይ አልተጣለም።

ኦቦ አማን፣ ከቀብርዎ በኋላ ሰኞ ጠዋት ኃላፊው የመጀመሪያውን ውጤት ጠረጴዛዬ ላይ አምጥተው አስቀመጡት። «እርሳቸው የሉም፤ አንቺ ፈርመሽ አጽኚው» አሉኝ። መቃብርዎ ገና ሳይደርቅ! ፈርቼ ነበር፤ እውነቱን ልንገርዎ። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ዝም አላልኩም። ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩ፤ የሁለተኛውን ውጤት ቅጂም ለወላጆቹ ሁሉ ሰጠሁ። ነገ ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም፤ ከሥራም ያባርሩኝ ይሆናል። ያባርሩኝ!

ያን ቀን ብቻዎን ስላቆምኩዎ ይቅር ይበሉኝ። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቅዎ። ይረፉ፣ አባቴ። ከእንግዲህ ለእነርሱ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ።