ፍሬ የማታፈራው ቁጥቋጦ

ዛሬ አመሻሽ ላይ የአባቴ ቁጥቋጦ ሽታ በመስኮት ገባ። ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት ያስተምር የነበረው አባቴ፣ አንድ ተራራ ላይ ብቻ ከምትበቅል ተክል አንዲት ችግኝ አምጥቶ ሐይቅ ዳር ባለው ግቢያችን ተከላት።

መጀመሪያ ያበበች ጊዜ ልጅ ነበርኩ። ቅጠሏን እየገለጥኩ ፍሬ ስፈልግ አባቴ አየኝ።

«አትድከሚ ልጄ፣ እንደ እሷ ያለ ሌላ አጠገቧ ከሌለ አታፈራም።»

«ታዲያ ለማን ብላ ነው የምታብበው?»

አባቴ ወደ ግቢው በር ዞረ። እናቴ በሕይወት ሳለች ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ሠርታ አምሽታ ስለምትመጣ በሩን አይቀረቅረውም ነበር፤ ከሞተችም በኋላ እንደዚያው ይተወው ነበር።

«ልማዷ ነው» አለኝ።

አሁን እሱም የለም። ሽታው አስወጣኝና በሩን ልቀረቅር እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ትቼው ገባሁ።