ፓርኪንግ ላይ የቆመችው ዳኛ

እሁድ እሁድ እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ የሐበሻ እግር ኳስ ቡድኖች ሲጋጠሙ፣ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሳ መኪና ፓርክ የምታስደርግ ሴት አለች። ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ስባ ታጠልቃለች። አንገቷ ላይ ያለው ጥቁር ክር ማተብ መስሎኝ ነበር፤ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ግን ፊሽካ ነው።

አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት የእግር ኳስ ዳኛ ነበረች። የሊጉ ኮሚቴ ይህን አሳምሮ ያውቃል። በየሳምንቱ ሪፈሪ ጠፋ እያሉ ያለቅሳሉ፤ ጨዋታውን ግን ሕጉን በቅጡ ለማያውቅ ወዳጃቸው ይሰጣሉ። ለእሷ የተረፋት ሰደርያው ነው።

"'እህታችን፣ ልጆቹ ይሳደባሉ፤ ለአንቺው ብለን ነው' አሉኝ" አለችኝ፣ ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል። "ስድቡንማ ለምጄው ነው የመጣሁት። ይሄ ሰደርያ ነው የከበደኝ።"

ይህን እያለች አንዱ አጥቂ ከተከላካዮቹ ጀርባ ቆሞ ኳስ ተቀበለ። ኦፍሳይድ ነው። ቀኝ እጇ ቀጥ ብሎ ተነሳ። ከኋላዋ ወደ ፓርኪንጉ ይገባ የነበረ ቶዮታ እጇን አይቶ ቆመ።

አጥቂው አገባ፤ ዳኛውም ጎሉን አጸደቀ። እሷ እጇን አላወረደችም። ቶዮታውም ንቅንቅ አላለም።