ቦርሳዬን የነጠቀኝ አስጎብኚ

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ 2006 መጨረሻ ላይ ነው። የነገርኩት ሰው ሁሉ "አንተ ምን አጠፋህ?" ይለኛል። እኔም ለራሴ እንደዚያው እላለሁ። ግን ከልቤ አልወጣ ብሎኛል።

ያኔ ኢገን የምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ አንድ ኦፊስ የኮምፒውተር ጥገና ላይ እሠራ ነበር። ሱኒል የሚባል ህንዳዊ ባልደረባ ነበረኝ። አንድ አፓርትመንት ግቢ ስለምንኖር በየተራ ድራይቭ እያደረግን አብረን እንሄዳለን። የመንገድ ወሬው ሁልጊዜ ስለ አገሩ ነው። ከሂማላያ ተራሮች ግርጌ ያለች ትንሽ ከተማ፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ደግሞ ዝሆን እንደልቡ የሚዞርበት የዱር እንስሳት መጠለያ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ተራራ አይገርመኝም። ዝሆን ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ታኅሣሥ ላይ ቬኬሽን ሲወስድ አብረን እንሂድ አለኝ፤ ባለቤቴን አማክሬ ሄድኩ።

እናቱ እንዴት እንደተቀበሉኝ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ቋንቋ አንግባባም፤ ግን ስበላ አጠገቤ ቁጭ ብለው ሳህኔ እንዳይጎድል ይጠብቃሉ። "ቤታ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለት ነው።

አንድ ቀን ማለዳ ወደ መጠለያው ሄድን። አስጎብኚያችን ላክሽማን የሚባል፣ በዕድሜ አባቴን የሚያህል ቀጭን ሰው ነበር። ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ በሩ ላይ ቦርሳ ይፈትሻል። እኔ ጋ ሲደርስ ሱኒል ከሩቅ የመጣሁ እንግዳ መሆኔን ነገረው። ሰውየው ፈገግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ሳይፈትሽ አሳለፈኝ። እኔም ከካሜራና ከሹራብ በቀር ምንም እንዳልያዝኩ እርግጠኛ ነበርኩ።

በጂፕ ጥቂት ከሄድን በኋላ ሾፌሩን እዚያው ትተን ወደ መመልከቻው ማማ በእግር ጀመርን። ብዙም ሳንርቅ ከቁጥቋጦው መሃል አንድ ወንድ ዝሆን ብቅ አለ። ላክሽማን እንድንቆም በእጁ ምልክት ሰጠን። ቆምን። ዝሆኑ ኩምቢውን አንስቶ አሸተተን። ከዚያ ጆሮውን ገትሮ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ሸሃዳ ማለት እንኳ አቃተኝ።

ላክሽማን ቦርሳዬን ከትከሻዬ ነጥቆ ወደ ጎን ሮጠ። ዝሆኑ ተከተለው። ሰውየው ቦርሳውን ወርውሮ ውሃ ወደሌለበት ወንዝ ዘለለ፤ ድንጋዩ ላይ ሲወድቅ እግሩ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ዝሆኑ እሱን ትቶ ቦርሳዬን ረገጠው። ከውስጡ ብርቱካን እየተንከባለለ ወጣ።

ሱኒልን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እናቴ ናት" አለኝ ቀስ ብሎ።

መንገድ ላይ እንዳይርበኝ ብለው፣ እኔ ሳላይ፣ ከሹራቡ ሥር ከተውልኝ ኖሯል።

ዝሆኑ አንድ ሳያስቀር በልቶ ሄደ። ላክሽማንን ተሸክመን ጂፑ ጋ ስንደርስ የሱኒልን እጅ ይዞ ለመነው። ብርቱካኑን ለማንም እንዳንናገር፤ ቦርሳዬን አለመፈተሹ ከታወቀ ከሥራ ይባረራል። ለአለቆቹ እውነቱን ልንናገር ተሰናድተን ነበር። አፋችንን ዘጋን።

በማግስቱ የሱኒል እናት ካልጠየቅነው ብለው ምግብ ሠርተው ክሊኒክ ይዘውን ሄዱ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው አጎረሱት። ቆየት ብለው አንድ ነገር ጠየቁት። ሱኒል በጆሮዬ ተረጎመልኝ፤ ዝሆኑን ምን አስቆጣው ነው የሚሉት።

ላክሽማን መጀመሪያ እኔን አየኝ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ መለሰ፤ ሱኒል ይህንንም ተረጎመልኝ።

"ዝሆን ነው፣ እናቴ። ምክንያት አይፈልግም።"

እሳቸውም ልጃቸውን የመለሰላቸውን አምላክ እያመሰገኑ ራሴን ዳበሱኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ወደ ኢገን ከተመለስን በኋላ እኔና ሱኒል ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ሳንነጋገር የበረዶው ወራት አለፈ። ለእናቱም እስከ ዛሬ አልነገርንም፤ ቢያውቁ የሚቋቋሙት አይመስለንም። ባለቤቴ አላህ የጻፈው ነው፣ ያላወቅከው ነገር አያስጠይቅህም ትለኛለች። ልክ ናት።

የላክሽማን እግር እንደ ድሮው አልሆነም። ያነክሳል፤ ጫካ መግባቱ ቀርቶ የመጠለያውን በር ከፋች ሆኗል ብሎ ሱኒል ነገረኝ። የሱኒል እናት ስልክ በደወሉ ቁጥር በእሱ በኩል መቼ ነው የምትመጣው ይሉኛል። ሥራ በዛብኝ እላለሁ። ብሄድ ወደ ጫካው ሳይወስዱኝ እንደማይቀሩ አውቃለሁ። ያ ሰው በዚያ እግሩ ተነስቶ፣ ፈገግ ብሎ በሩን ሲከፍትልኝ የማይበት ዓይን የለኝም።