ለጨረቃ ጀርባውን የሰጠው ቴሌስኮፕ

አከራዬ እማማ ዘነቡ ቴሌስኮፔን ሰገነታቸው ላይ እንዳቆም የሚፈቅዱልኝ ጨረቃን ካሳየኋቸው ብቻ ነበር። ቴሌስኮፑ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ከተነገረው ራሱ ዞሮ የተጠየቀውን ያገኛል፤ ራሴን ስለማላምን ቀኑንም ሰዓቱንም ደጋግሜ አረጋገጥኩ። የከተማችንን ስም በእንግሊዝኛ መጻፍ ስጀምር የቴሌስኮፑ ሶፍትዌር ራሱ ጨረሰልኝ። በሙሉ ልብ «ጨረቃ» የሚለውን ተጫንኩ። ቴሌስኮፑ እያጉረመረመ ዞረና ለጨረቃዋ ጀርባውን ሰጣት።

«ተኳርፈዋል እንዴ?» አሉ እማማ።

«አሁን ይታረቃሉ» ብዬ ደግሜ ተጫንኩ። ንቅንቅ አላለም።

«በል ልጄ፣ ነገ አውርድልኝ።»

ደንግጬ ስክሪኑን ቃል በቃል ሳነብ «ሐራሬ፣ ዚምባብዌ» ይላል። ለእማማ ነገርኳቸውና ሐረር ብዬ አስተካከልኩት። ቴሌስኮፑ ዞሮ ጨረቃዋ ላይ ቆመ። እማማ ዓይናቸውን አስጠግተው ደጋግመው አዩ።

«ይቀመጥልህ» አሉኝ በመጨረሻ። «ግን ይቺ የሐረሯ ጨረቃ መሆኗን አረጋግጠሃል?»