ደህና ነኝ ብዬ የጻፍኩባቸው ሳምንታት

ማክሰኞ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነበር ሕክምናዬ የተጀመረው። ከምሠራበት ከጾሬ የስደተኞች ጣቢያ ፈቃድ ወስጄ ቀደም ብዬ አሶሳ ገብቻለሁ። በተከራየኋት ክፍል በሩንም መስኮቱንም ዘግቼ፣ ሙቀቱ እያፈነኝ፣ ስልኬን ሻንጣ ላይ አስደግፌ ጠበቅሁ። አዲስ አበባ ያለች የወሲብ ችግር የምታክም ባለሙያ በምስል ልታነጋግረኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሐኪም እኛ ከተማ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ቢኖርም በሩ ላይ ቆሜ ተራ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም።

ካገባሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኝ ነበር። ባለቤቴ የሚሠራው ማንኩሽ ነው፤ በወር አንዴ፣ መንገዱ ሲፈቅድ ይመጣል። በመጣ ቁጥር ሰውነቴ ይቆለፋል፤ ሕመሙ ትንፋሽ ያሳጣኛል። እሱ አያስገድደኝም። ግን የማልወደው እየመሰለው ሄደ፤ እኔም እንዳልሆነ የምነግርበት አፍ አልነበረኝም። የፈራሁት አንድ ቀን መምጣቱን እንዳይተው ነው።

ባለሙያዋ አንገቴን መድፋቴን አይታ ካሜራውን እንዳጠፋው ፈቀደችልኝ። ጥያቄዎቿን በጽሑፍ መለስኩ። አንብባ ስትጨርስ፣ «የኔ እህት፣ ይሄ ጥፋት አይደለም» አለችኝ። «ጡንቻው ፈርቶ ነው የሚኮማተረው፤ ፍርሃት ደግሞ ቀስ እያለ ይለቃል።» ስልኬ ላይ አንድ መተግበሪያ አስጫነችኝ። በየቀኑ አንዲት ሴት በድምፅ ትንፋሼን ትመራኛለች፣ ሰውነቴን ማላላት ታስተምረኛለች፣ የሚያመኝንም ቦታ በራሴ እጅ ቀስ በቀስ መንካት ታለማምደኛለች። መጨረሻ ላይ «ዛሬ እንዴት ነበርሽ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሴን ባለሙያዋ ታነበዋለች፤ የልምምዱን ቀጣይ ደረጃ የምትከፍትልኝም እሱን አይታ ነው።

አከራዬ በግድግዳው በኩል ያንን ድምፅ ሲሰሙ ከርመው፣ አንድ ጠዋት ውሃ ስቀዳ፣ «ልጄ፣ ስልኩን ነው እንዴ ያገባሽው? ባልሽ ሰምቶ እንዳይቀና» አሉኝ። ሳቅሁላቸው። ከዚያ ወዲያ ልምምዱ በጆሮ ማዳመጫ ሆነ።

ለጥያቄው በየቀኑ የምጽፈው «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር። መዋሸት አልመሰለኝም። ከወለጋ ከመጡ ወላጆች ተወልጄ ባምባሲ ነው ያደግሁት። ቤታችን ሰው ሲገባ ስለ ጤና፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ እንደገና ስለ ጤና ይጠየቃል። የታመመም ቢሆን መጀመሪያ «ደህና» ይላል፤ ሕመሙን የሚያወጣው ጠያቂው ተቀምጦ፣ ቆይቶ፣ ደግሞ ሲጠይቀው ነው። መተግበሪያው የሚጠይቀው አንዴ ብቻ ነው። ባለቤቴም ሲደውል ያንኑ እመልስለት ነበር። ልምምዱ እያመመኝ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላኝ እያቆምኩ፣ ደረጃዎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱልኝ።

በሰባተኛው ሳምንት የባልና የሚስት ደረጃ ተከፈተ። ለባለቤቴ ስነግረው ደስ ብሎት ቀኑን ሙሉ ተጉዞ መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሞከርን። ሰውነቴ እንደ ድሮው ተቆለፈ። ተነሥቶ ሸሚዙን ለበሰና ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ።

«ደህና ነው ስትዪኝ አልነበር?» አለ። ፊቱን ሳያዞር ቀጠለ፦ «ሕመሙ ከተሻለሽ፣ እንግዲህ የቀረው ምክንያት እኔ ነኝ።»

እራት አቅርቤ በላን፤ በጊዜ ተኛን።

በማግስቱ ጠዋት ልብሱን ቦርሳ ውስጥ ሲከት ስልኬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መልሶቼን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ አነበብኩለት፤ ከእያንዳንዱ ቀጥሎ እውነተኛውን። ደህና ብያለሁ፣ አሞኝ ነበር። ደህና ብያለሁ፣ አልቅሼ አቆምኩ። ደህና ብያለሁ፣ ጭራሽ አልሞከርኩም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስደርስ እጁን ስልኩ ላይ አደረገ።

«ይሄን ሁሉ ብቻሽን?» አለ።

ሰኞ ሥራ ስለነበረው ከዚያ በላይ አልቆየም። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። መኪናው ሲወጣ እዚያው አጥር ሥር ቆሜ ለባለሙያዋ ሁሉንም ጻፍኩላት፤ የከፈተችልኝን ደረጃዎች በሙሉ መልሳ ዘግታ ከመጀመሪያው እንድታስጀምረኝ ጠየቅኋት።