በበርበሬው ከረጢት ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያለችው ባልትና ቤታችን ጠባብ ናት። በርበሬ፣ ሽሮና ምጥን እናዘጋጃለን፤ ከኋላ አንዲት ወፍጮ አለችን። ሰው ወደ እኛ የሚመጣው እንደየቤቱ ልክ ስለምናዘጋጅለት ነው። አንዷ ኮረሪማ ይብዛልኝ ትላለች፤ ሌላዋ የነጭ ሽንኩርት ሽታ አትወድም። ይህን ሁሉ በጭንቅላቴ ይዤ ኖሬያለሁ፤ የሚያስቸግረውን ብቻ በአንድ ደብተር እጽፈው ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ትልቅ ባልትና ቤት ሲከፈት አራት ወፍጮ ተከሉ። ማሸጊያቸው ያብረቀርቃል። ደንበኞቻችን አንድ ሁለት እያሉ ወደዚያ መሻገር ጀመሩ። እኔ እንደ ወትሮዬ በርበሬዬን መቀንጠስ ቀጠልኩ። ልጄ ግን ኮምቦልቻ በኮምፒውተር ሙያ ተቀጥራ ትሠራ ነበርና ሥራዋን ትታ መጣች።

«እማዬ፣ እነሱ ወፍጮ አላቸው። እኛ ያለን አንቺ የምታውቂው ነው» አለችኝ።

«የማውቀው ምን ያደርግልናል?»

«በአንቺ ጭንቅላት ብቻ ከቀረ፣ አንቺ የታመምሽ ዕለት ሱቁም ይታመማል። ኮምፒውተር ላይ ከገባ ግን ማዶ ያሉት የቱንም ያህል ገንዘብ ቢኖራቸው አይገዙትም።»

በዚያ ሰሞን የሁለት ቤት ልክ አደባልቄ ነበር። እሷ አይታለች፤ ግን አላነሳችውም።

ከሰዓት በኋላ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ስም ሲጠፋብኝ ዝም ብላ ትጠብቀኛለች። እንዲህ ያለ ትዕግሥት እንዳላት እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር። በመጨረሻ ደብተሩንም ተቀብላኝ ሁሉንም ገለበጠችው።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ የማን በርበሬ መቼ ሊያልቅ እንደሚችል ይነግረናል። ልጄ ትደውላለች። «ኧረ ቤቴ ገብታችሁ ማሰሮዬን አያችሁት እንዴ?» ያሉን አሉ። በየከረጢቱ ላይም ስምና ልክ የተጻፈበት ወረቀት ታትሞ ይለጠፋል። ማዶ ከተሻገሩት አንዳንዶቹ ተመለሱ። ልጄም ለጠየቃት ሁሉ «ኮምፒውተር አይሳሳትም» ትል ነበር።

ኮምቦልቻ የምትኖር የረጅም ጊዜ ደንበኛ አለችን። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔ የምበላውን በርበሬ ሌላ ሰው አይችለውም» ይላሉ። ከዓመታት በፊት ሐኪም ለጨጓራቸው ሲል የሚያቃጥል ነገር ቢከለክላቸው እንቢ አሉ። ያን ጊዜ እሷ ደሴ ድረስ መጥታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና ቀለሙ ደማቅ የሆነ፣ የማያቃጥል በርበሬ እንዳዘጋጅላት ለመነችኝ። ሲበሉት የኖሩት እሱን ነው። እኔም ደብተሬ ላይ «ለባልየው ጨጓራ፣ የማያቃጥል። እሳቸው እንዳያውቁ» ብዬ ጽፌ ነበር።

ከረጢቱን በሚኒባስ እንልከዋለን፤ መናኸሪያ ሄደው የሚቀበሉት ባለቤቷ ናቸው። ልጄ ከደብተሩ የገለበጠችው ማስታወሻ ሳይቀር ወረቀቱ ላይ ታትሞ ነበር። እሳቸው እዚያው መናኸሪያ ቆመው አነበቡት።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። «ወላሂ ቤቴን አፈረስሽው» አለችኝ። ባለቤቷ ወረቀቱን ፊቷ አስቀመጡ እንጂ ምንም አልተናገሯትም፤ ቀጥታ ገበያ ሄደው የሚለበልብ በርበሬ ገዝተው መጡ። «በየማዕዱ እሱን ይበላሉ። ሆዳቸውን ይዘው ይቀመጣሉ እንጂ አመመኝ አይሉም። ውሃ እንኳ አልጠጣ ብለዋል። ምን ላድርግ?»

ልጄ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። «ማስታወሻው እንዳይታተም ማድረግ ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ከቀድሞው በርበሬ አንድ ከረጢት ይዘን፣ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ምን እንደምንል ግን አልተመካከርንም።

ባለቤቷ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል።

«የጨጓራ በሽተኛ ልታዩ መጣችሁ?» አሉ።

«ይቅርታ ልንጠይቅዎ ነው። ወረቀቱ ላይ የወጣው ማስታወሻ የሌላ ቤት ነው» አልኩ። ለደንበኛ ፊት ለፊት ዋሽቼ አላውቅም። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ወደ ልጄ ዞሩ። «አንቺ አይደለሽም በስልክ ኮምፒውተር አይሳሳትም ያልሽኝ?»

ልጄ ወደ መሬት አየች። ያን ኮምፒውተር ስንት ወር እንደለፋችበት እኔ አውቃለሁ።

«ይሳሳታል አባባ» አለች። «የእርስዎንና የሌላ ሰው ማስታወሻ ቀላቅሎብኝ ነው።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«እሱን አልነግርዎትም። የሰው ገመና ነው።»

 «ደግ አደረግሽ፤ አትንገሪኝ» አሉ። ወደ ሚስታቸውም ዞረው «እኔ ድሮም ያን ወረቀት አላመንኩትም!» አሏት።

«አላመኑትም? ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ያኮረፉት ማንን ኖሯል?»

«በርበሬውን ነዋ! የገበያው አያቃጥልም።»

«አያቃጥልም? ዓይንዎ ደም መስሎ?»

«አቧራ ገብቶበት ነው አልኩሽ እኮ!»

ሁላችንም ሳቅን። ከረጢቱን ሰጠኋት። እስከ በር ሸኘችን፤ ክንዴንም ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ልጄ «እማዬ፣ ዋሸሁ» አለችኝ።

«እኔም ዋሽቻለሁ» አልኳት። እጇን ያዝኩት። ደሴ እስክንገባ አልለቀቅኩትም።

እንደደረስን ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች። አሁን ማስታወሻው ለእኛ ብቻ ይታያል፤ ወረቀቱ ላይ ስም ብቻ ይወጣል። እኔንም አከፋፈቱን አስተማረችኝ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ከኮምቦልቻ ተደወለ። ልጄም እንድትሰማ ስልኩን በመካከላችን አደረግኩት።

«እሳቸው በሉ?» አልኳት።

«በሉ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በርበሬ ማለት ይሄ ነው፣ አቃጠለኝ እያሉ ሙልጭ አደረጉት። ውሃ አምጪ አሉኝ፤ ጠጡ። ግንባራቸውንም በመሀረብ ደጋግመው ጠረጉ።»

«አላባቸው እንዴ?»

«የምን ላብ፣ እህቴ! ጠብታ አልነበረበትም።»