በጉም ውስጥ ያረፈው ቡጢ

ባለፈው ክረምት መሳቢያዬን ሳጸዳ የተማሪነት ዘመኔ ሚሞሪ ካርድ እጄ ገባ። ያኔ ዘፈኑም ፎቶውም በብሉቱዝ ነበር የሚዞረው፤ እኩዮቼ ያስታውሱታል። ከዘፈኖቹ መሀል አንድ ቪዲዮ አለ። ሲከፍቱት ነጭ ብቻ ነው የሚታየው። እኔን ግን ገና ሳየው ብርድ ብርድ አለኝ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አንዷለም ቦክስ ይወድ ነበር፤ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ዛፍ ላይ ሰቅሎ ሲደበድብ ጎረቤቶች "አሁን ይሄ ማዳበሪያ ምን በደለህ?" እያሉ ያሾፉበታል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሙሉቀን የሚባል ልጅ ከዳንግላ ሊገጥመው ወደ ከተማችን ወደ ቆሰበር መጣ። ያሸነፈ ለዞኑ ውድድር ያልፋል። ሜዳው ላይ አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ ተተክሎ ገመድ ተወጠረ፤ እኔም በሰዉ መሀል ሾልኬ ገመዱ ሥር ቆምኩ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ጉሙ ወረደ። እዚህ ያደገ ሰው ጉም አያስደንቀውም፤ የዚያን ቀኑ ግን የገዛ እጄን እንኳ ደበቀኝ። የእርጥብ ሣርና የከሰል ጭስ ሽታ ነበረው። ያ ሁሉ ሰው ባንዴ ዝም አለ። ዳኛው ለምን በፊሽካ እንዳላስቆመው እስካሁን አይገባኝም። ወዲያው ላብ ያጠመቀው ጀርባ ገመዱን ገፍቶ ትከሻዬን ነካኝ። አንዷለም ነው፤ ሙሉቀን የት እንደገባ ጠፍቶት ወደ ኋላ አፈግፍጎ ነበር።

"አለሽ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"አለሁ" አልኩት።

ወደ ታች የተንጠለጠሉት ሁለት እጆቹ ክንዴን ይነኩኝ ነበር። እንደዚያ እንደቆመ ከሜዳው መሀል የቡጢ ምት ተሰማ፤ ቀጥሎም ሰው ሲወድቅ ሰማን።

ጉሙ ሲገፈፍ ሙሉቀን ቅንድቡ ተሰንጥቆ በጀርባው ተንጋሏል። ዳኛው መጥቶ የወንድሜን እጅ አነሣ። ጠቡ ተጀመረ። የዳንግላው አሠልጣኝ "በቴስታ ነው የመታው፤ ጓንት እንዲህ አይሰነጥቅም" አለ። ዳኛው ምቱን ሰምቻለሁ ቢል፣ "ዳኛ በዓይኑ ነው የሚፈርድ በጆሮው?" ብሎ አፋጠጠው። ከዚህም ከዚያም ዱላ መጨበጥ ተጀመረ። ሙሉቀን ብቻ ቅንድቡን በፎጣ ይዞ "የመታኝ ነገር ይቀዘቅዛል" ይል ነበር ደጋግሞ። የሰማው የለም።

ነገሩን ቄስ አስማማው የሚባሉ ሽማግሌ በመሐላ ቆረጡት። በኛ አገር የሚምል ሰው የቤተ ክርስቲያን በር ይዘጋል፤ ቃሉን ሽማግሌ ይሰጡታል፣ እሱ አይጨምርም አይቀንስም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዷለም "በቴስታም በክርንም መትቼው ከሆነ እንዲህ ይዝጋኝ" ብሎ በሩን ዘጋው። እውነቱን ነው። የዳንግላው አሠልጣኝም አቀፈው። ጨርሶ ነክተኸዋል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ወንድሜ በዓይኑ ፈለገኝ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ብናገር ድሉን እነጥቀዋለሁ፤ ታዲያ ማን መታው ቢሉኝስ ምን ልል ነው? ጉም መዝገን ነው ብዬ መሬት መሬት አየሁ። በዚያ ዝምታዬ ዛሬም አፍራለሁ።

ለዞኑ ውድድር ስሙ ሲጠራ አንዷለም አልሄደም። በሱ ፈንታ ሙሉቀን ሄደ። ሰዉ ወንድሜን ፈሪ አለው፤ እሱም ጓንቱን ዳግመኛ አላጠለቀም።

ዛሬ ሜዳው ላይ ሕንፃ ቆሟል፣ አንዷለምም ባጃጅ ይነዳል። ያን ቪዲዮ አሰማሁት። አጠገባችን የነበረ ሰው በሞባይሉ የቀረጸው ነው፤ ያኔ ከተማው ሁሉ ምቱን ለመስማት ሲቀባበለው፣ ከምቱ በፊት አንዲት ቀጭን ድምፅ "አለሁ" ማለቷን ልብ ያለ የለም። አንዷለም እስከ መጨረሻው ሰማና "እንኳን ነበርሽ" አለኝ። ስለዚያ ቀን ስንነጋገር የመጀመሪያችን ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኛው አልጠራም። አሁንም ባጃጁ ውስጥ ከኋላው ተቀምጬ ጉም መንገዱን ሲዘጋው፣ ሞተሩን ያጠፋና ሳይዞር "አለሽ?" ይለኛል። ልጅ ሳለሁ ቀስ ብዬ ነበር የመለስኩለት። አሁን ግን እቸኩላለሁ፤ ከዘገየሁ ከጉሙ ውስጥ ሌላ ሰው የሚመልስለት ይመስለኛል።